የቢጫዋ ፍየል አንድምታ

እኔ ፍየል መሳል አልችልም። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው፤ የቀረው ዝርዝር ነው። መሳል የማይችል ሰው አርፎ ይቀመጣል እንጂ ጠመኔ ይዞ ምን ያንቀዠቅዠዋል ትሉኝ ይሆናል። እኔም ራሴን እንደዚያ ብዬዋለሁ፤ ያልኩት ግን ንፋስ መውጫ ላይ በር ከተቆለፈብኝ በኋላ ስለሆነ ምክሩ ብዙም አልጠቀመኝም።

ጊዜው የደርግ ነው። እኔ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ፣ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ። ወጣት ነኝ፤ ጠጉሬ አፍሮ ነው፤ ሱሪዬ ከታች ሰፊ ነው፤ ዓለምን በፊደል እለውጣለሁ ብዬ አምናለሁ። ልጆቹ ግን ዓለም ተለወጠ አልተለወጠ ጉዳያቸው አይደለም። አብዛኞቹ ቁልቁለት ወርደው ዳገት ወጥተው ስለሚመጡ ገና ከወንበር ሲደርሱ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። ዓርብ ሲሆን ደግሞ ገበያው ከመስኮቱ ሥር ነው። ውጭ አህያ ባናፋ ቁጥር ክፍሉ በሙሉ ጆሮውን ያቆምና «የነ አያሌው ናት»፣ «ኧረ የነ ሙሉ ናት» እያለ ይከራከራል። እኔ «በ፣ ቡ፣ ቢ» እያልኩ ከአህያ ጋር መወዳደር ሰለቸኝ። ያውም እየተሸነፍኩ።

አንድ ዓርብ ጠዋት ታዲያ መጽሐፉን አጠፍኩና «ድብልብል የምትባል ከተማ ነበረች» ብዬ ሰሌዳው ላይ ትልቅ ክብ አደረግሁ።  ውጭ አህያ አናፋ፤ ማንም ዞሮ አላየም። እኔም በዚያች ቅጽበት ደራሲ ሆንኩ። ሰው በቀላሉ ነው የሚበላሸው።

ድብልብልን እንዴት አድርጌ እንደቆረቆርኳት ልንገራችሁ፤ በኋላ ብዙ ሰው የተጣላበት ጉዳይ ነውና። መጀመሪያ ፍየል ሳልኩ፤ ነጭ ጠመኔ አልቆ ስለነበር ቢጫ ሆነች። ወደ ሰሌዳው ጥግ ተጠግቼ ስለጀመርኳት ጭራዋ ጋ ሳልደርስ ሰሌዳው አለቀ፤ ስለዚህ ጭራ የላትም። ሰሌዳው ላይ ቀለሙ የተላጠ አንድ ክብ ነጭ ቦታ ነበር፤ ቢያሹት አይጠፋም፤ እሱን ፀሐይ አደረግሁት። በዚህ የተነሳ ድብልብል ውስጥ ፀሐይ አትጠልቅም። ውሻ ጀምሬ ልጆቹ «ጅብ! ጅብ!» ስላሉ ጅብ ሆነ፤ ሥራ ስላልነበረው ባለሱቅ አደረግሁት። አህያ ሳልኩ፤ ጆሮው እምቢ ሲለኝ ኮፍያ ደፋሁበት፤ ኮፍያ ያደረገ አህያ ደግሞ ዝም ብሎ መቆሙ ስላላማረኝ ደወል ሰጥቼ ስብሰባ ጠሪ አደረግሁት። ይደውላል፤ ማንም አይመጣም። ልጆቹ እዚህ ላይ በሳቅ ተንከባለሉ። ድብልብል ውስጥ ማንም ምንም አይበላም፤ ስለ ምግብ ካወራሁ ልጆቹንም እኔንም ስለሚርበን ነው። በቃ። ከዚህ በላይ ምሥጢር አለው የሚል ካለ ምሥጢሩን ከቤቱ ይዞት የመጣ ነው።

ተረቷ ሰመረች። የሚያረፍድ ጠፋ። ሰኞ ሰሌዳውን ላጠፋ ስነሳ «ጋሼ፣ አያጥፏት!» ብለው ጮኹ፤ ብርቄ የምትባል ከፊት የምትቀመጥ ቀጭን ልጅማ ዳስተሩን ወስዳ ተቀመጠችበት። ከዚያ ወዲህ ድብልብልን በቀኝ በኩል አስቀምጬ ሒሳቡንም አማርኛውንም በግራው ግማሽ ሰሌዳ አስተምር ጀመር። በየቀኑ ጥቂት እየጨመርኩ እቀጥላለሁ፤ ፍየሏ ሱቅ ትሄዳለች፤ ጅቡ «ነገ ተመለሺ» ይላታል፤ አህያው ይደውላል። ልጆቹ ይስቃሉ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ ይህን አላወራላችሁም ነበር።

ችግሩ ክፍሏ የልጆች ብቻ አለመሆኗ ነው። ከሰዓት በኋላ የመሠረተ ትምህርት ጎልማሶች ይማሩባታል፤ የማስተምራቸውም እኔው ነኝ። መንግሥት ያን ጊዜ መሃይምነትን ሊያጠፋ ቆርጦ ተነስቷል። መሃይም ማለት ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት የሌለው ሰው ነው። በዚህ ሒሳብ መሪጌታ ኅሩይም መሃይም ሆነው ተገኙ። መሪጌታ ማለት ዜማውን የዘለቁ፣ ቅኔውን ያወረዱ፣ የመጻሕፍቱን ትርጓሜ በቃላቸው የሚያንበለብሉ ሰው ናቸው። እሳቸው በልጆች ወንበር ላይ ጉልበታቸው ከጆሮአቸው እኩል እስኪሆን ተሰብስበው ተቀምጠው፣ እኔ በዱላ እየጠቆምኩ «በ-ሬ» ስል «በ-ሬ» ይላሉ። እንዲህ ያለ ሰው ሲሰለቸው ምን ያደርጋል? ዓይናቸውን ከበሬው አንስተው ወደ ፍየሏ አዞሩ።

«ልጄ» አሉኝ አንድ ቀን፣ «ይቺ ፍየል ስለምን ጭራ የላትም?»

«ሰሌዳው አልቆብኝ ነው የኔታ።»

«እሱማ ንባቡ ነው። እኔ የጠየቅሁህ ትርጓሜውን ነው።»

ትርጓሜ የሚባል ነገር እንደሌላት ነገርኳቸው። በሐዘን አዩኝ። ከዚያ ተነስተው ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ጎልማሶቹ ዞሩና እንደ ጉባኤ ቤታቸው ጀመሩ።

«ጭራ የላትም አለ፤ ጭራ መጨረሻ ነውና መጨረሻ የላትም ሲል ነው። አንድም፣ ጭራ ዝንብ መከላከያ ነውና ዝንብ በሌለበት አገር ጭራ ምን ይሠራል ሲል ነው። ዝንብ የሌለበት አገር የት ነው?»

 አርብ ገበያ እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል።

«ፀሐይ አትጠልቅም አለ። አይበሉም፣ አይጠጡም አለ። ጅብና ፍየል ባንድ ሰፈር ያድራሉ አለ።» መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «እነዚህ ሰዎች ሙተዋል።»

«እንስሳት እኮ ናቸው የኔታ!» አልኩ።

«እሱም ንባቡ ነው።»

ከኋላ ወንበር እትዬ አንጓች ደረታቸውን ያዙ። እትዬ አንጓች ገበያ ውስጥ ጌሾ የሚሸጡ፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። «ውይ በሞትኩት! ሁላቸውም?» አሉ። ትምህርቱ አልቆ ሁሉም ሲወጣ እሳቸው ቀሩ።

«ልጄ፣ እኔም በክረምት ፍየል ሙታብኛለች። ቀይ ናት፤ ግራ ጆሮዋ ቆረጥ ያለ ነው። እዚያ የለችም?»

«እትዬ፣ ተረት እኮ ነው።»

«እስቲ ደህና አርገህ እያት።»

ምን ላድርግ? በማግስቱ በአንዲት ቁራጭ ቀይ ጠመኔ ከጅቡ ሱቅ ጀርባ ትንሽ ቀይ ፍየል ጨመርኩ። እትዬ አንጓች አይተው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ ቀረብ ብለው መረመሯትና «ግራ ነው ያልኩህ፤ አንተ የቀኙን ቆረጥኸው» አሉኝ። ሰው ካለቀሰ በኋላም ስሕተት ማየት ይችላል።

በቀጣዩ ዓርብ ገበያተኛው አህያውን አስሮ ወደ ክፍሌ መስኮት መጉረፍ ጀመረ። «ሙተዋል» የሚሉት ከመሪጌታ ጋር አንድ ወገን ሆኑ። ከመካነ ኢየሱስ ጨርቅ ይዞ የሚመጣ አንድ ነጋዴ ደግሞ «ምን ሞት አለ? ይሄ ሁሉ የአህያው ሕልም ነው!» አለና ሌላ ወገን ፈጠረ። አህያው ተኝቷል ይላል፤ ለዚህ ነው ደወሉን ማንም የማይሰማው። ከስማዳ የመጡ ገበሬዎች በሁለቱም ሳቁ። ከተማዋ ያለች ናት፤ ከገደሉ ማዶ ናት፤ አንድ ዘመዳቸው በቅሎ ጠፍታበት ሲፈልግ አልፎባታል። ጅቡ ግን ሱቅ የለውም፤ እሱን መምህሩ ጨምሮ ነው። እኔ ጠጋ ብዬ «ኧረ እኔ ነኝ የፈጠርኳት!» ብል፣ አንዱ ስማዴ ከአፍሮዬ እስከ ሱሪዬ ጠርዝ አየኝና «አንተማ የሰማኸውን ነው የምታወራ» አለኝ።

እውነቱን ልናገርና፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በመንገድ ሳልፍ ሰው ይጠቋቆምብኛል። ጠላ ቤት ስገባ ወሬ ይቋረጣል። አንገቴን ትንሽ ዘንበል አድርጌ፣ ነገር እንደሚያውቅ ሰው ዝግ ብዬ መራመድ ጀመርኩ። አንድ ሽማግሌ «ልጁን ምን ነካው? አንገቱን አሞት ነው?» ብለው እስኪጠይቁ ድረስ።

ከዚያ ሊቀመንበር አለባቸው መጡ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ናቸው። ኮፍያቸውን ከራሳቸው አያወርዱም፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርሱ ብቻ በጥፍራቸው ነካ ያደርጉታል። ስብሰባ ሲጠሩ ከዛፍ የተሰቀለ ብረት ይደበድባሉ፤ ሰውም ብረቱን ሲሰማ ወደ ማሳው ይሄዳል። እንግዲህ ማሩኝ፤ አህያውን ስስል እሳቸው ትዝ ብለውኝ አያውቁም። ይህን የማያምነኝ ሕዝብ ግን አርብ ገበያን ይሞላል።

ሰሌዳው ፊት ለረዥም ጊዜ ቆሙ። «ይሄ አህያ ማነው?»

«አህያ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ኮፍያውስ?»

«ጆሮው አስቸግሮኝ ነው።»

«ደውሎ ደውሎ የሚመጣለት የለም አሉ።»

«አይ... እየመጡ ነው» አልኩ። «መንገድ ላይ ናቸው።»

ከኋላቸው ጓድ ታረቀኝ ቆሟል። ጓድ ታረቀኝ የወረዳው ካድሬ ነው። ለሥልጠና ሄዶ የተመለሰ ሰሞን ከሰው ጋር ሰላምታ መለዋወጥ ትቶ መተንተን ጀምሯል። ደህና አደርክ ብትሉት የማደርን ተጨባጭ ሁኔታ ያስረዳችኋል። እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ሰሌዳውን አንድ ጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ከቀኝ ወደ ግራ ተመላለሰበት።

«ጅብ ምንድን ነው? በዝባዥ! ፍየል ምንድን ናት? ተበዝባዥ! ሁለቱ ባንድ ከተማ በሰላም ይኖራሉ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ውሻ ነበር» አልኩ፣ «ልጆቹ ናቸው ጅብ ያሉት።»

«የመደብ ዕርቅ ማለት ነው! ለመሆኑ ፍየሏ ለምን ቢጫ ሆነች? ለምን ቀይ አልሆነችም?»

እዚህ ላይ ደስ አለኝ፤ መልስ ነበረኝ። «ቀይም አለች ጓድ! ይቻትና!»

ጎንበስ ብሎ አያት። ቀና ሲል ፊቱ ተለዋውጧል። «ቀይዋ ለምን ከሱቅ ጀርባ ተደበቀች?»

የእትዬ አንጓች የሞተች ፍየል ናት ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ እትዬ አንጓች በዚህ ሰው ፊት ቆመው ስለ ጆሮዋ ሲያስረዱ ታዩኝና ዘጋሁት። ዝምታዬን ጓድ ታረቀኝ እንደ ቃል ያዘው።

«ጉዳዩ ለሰፊው ሕዝብ ይቀርባል» አለ። «አጥጋቢ መልስ ካልተገኘ ወደ ንፋስ መውጫ ይተላለፋል።»

ንፋስ መውጫ ያን ጊዜ የአውራጃው ከተማ ናት። ወደዚያ የተላለፈ ነገር፣ እህልም ሆነ ሰው፣ መቼ እንደሚመለስ ማንም አያውቅም። ከእኛ ትምህርት ቤት ከእኔ በፊት የተላለፈ አንድ የስፖርት አስተማሪ ነበር፤ ኳሱ ብቻ ነው የቀረው። ፈራሁ። መፍራቴን ከማንም አልደበቅሁም።

ስብሰባው በትምህርት ቤቱ ሜዳ ተጠራ። ሊቀመንበር አለባቸው ብረቱን ሊደበድቡ ሲነሱ ሕዝቡ ቀድሟቸው መጥቶ ተቀምጧል። በሹመት ዘመናቸው ይህ ሲሆን የመጀመሪያው ነው፤ በእኔ ላይ የነበራቸው ቂም እንኳ ሲላላ ፊታቸው ላይ አየሁት። ለማንኛውም ብረቱን ደበደቡት።

ተነስ ተባልኩ፤ ተነሳሁ። «ጓዶች» አልኩ፣ «ተረቷ ምንም ትርጉም የላትም። ለልጆች መሳቂያ ነው።»

 ሜዳው ላይ ጉርምርምታ ተነሳ፤ የተቆጡት ካድሬውና ሊቀመንበሩ መስለውኝ ዞር ብል ሕዝቡ ነው። ሰው ስንት ዓርብ ሥራ ፈትቶ ተከራክሮበታል። ሁለት ወንድማማቾች በአህያው ሕልም የተነሳ ተኮራርፈዋል። አሁን ተነስቼ ምንም አይደለም ስላቸው የሰደብኳቸው ያህል ነው። እትዬ አንጓች ሳይቀሩ «ኧግ! እንዴት ምንም አይደለም ይላል?» አሉ።

«ትርጉም የላትም ማለት ራሱ አቋም ነው» አለ ጓድ ታረቀኝ። «የደበቀው አለ!»

ይሄኔ መሪጌታ ኅሩይ ተነሱ። እንደሚወዱኝ አውቃለሁ፤ ሊያድኑኝ መነሳታቸውም ገብቶኛል። እንዴት እንደሚያድኑኝ ነው ያላወቅሁት።

«ጓድ ታረቀኝ፣ ፍቀድልኝ። ምሥጢሩ አለ፤ እዚህ ላይ እኔና አንተ አንለያይም። ይህ ልጅ ግን ደበቀው የሚባል አይደለም። ምሥጢር ለመደበቅ መጀመሪያ ማወቅ ያሻል። ልጁ ቦይ ነው፤ ውሃው አለፈበት እንጂ አልጠጣውም። እንኳን ምሥጢር፣ ፍየል መሳል የማይችል መሆኑን ሁላችሁም አይታችኋል።»

«እውነት ነው!» አለ ሕዝቡ።

«እኔም የታዘብኩት ይሄንኑ ነው» አሉ ሊቀመንበር አለባቸው። «ልጁ ክፋት የለውም፤ ቀለል ያለ ነው እንጂ።»

«አንገቱንም ያመዋል» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

ጓድ ታረቀኝ አሰበ። «የንቃት ደረጃው ዝቅተኛ ነው ማለት ነው?»

«በጣም ዝቅተኛ» አሉ መሪጌታ፣ ከልባቸው።

ተስማሙ! የቤተ ክርስቲያኑና የአብዮቱ ሰው ባንድ ነገር ተስማምተው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ የተስማሙትም በእኔ ቂልነት ነው። የድብልብልን ትክክለኛ ምንነት አጥንቶ የሚያቀርብ ኮሚቴ ተመረጠ፤ መሪጌታ ገቡ፣ ጓድ ታረቀኝ ገባ፣ ሊቀመንበሩ ገቡ፣ ጨርቅ ነጋዴው እንኳ የሌላ ወረዳ፣ የእስቴ ሰው ሆኖ ሳለ በአስረጂነት ገባ። እኔን ማንም አልጠቆመኝም። ነፃ ነበርኩ። የሚጠበቅብኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቀመጥ።

እናንተ ብትሆኑ ትቀመጡ ነበር። እኔ ግን እጄን አወጣሁ።

ዛሬም ድረስ ያን እጅ አየውና ይገርመኛል። ምን ሆነብኝ ልበላችሁ? ያ ሁሉ ሰው በአንድ ድምፅ ጅል ሲለኝ እሺ ብዬ መቀመጥ አቃተኝ። ድብልብል የኔ ናት። ቢያንስ ቂልነቷ የኔ ይሁን!

«ጓዶች፣ ተረቷ ትርጉም አላት» አልኩ። «በጣም ጥልቅ ትርጉም። ሁሉንም ያደረግሁት አውቄ ነው። ጭራውንም ጭምር።»

መሪጌታ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

«ምንድን ነው ትርጉሙ?» አለ ጓድ ታረቀኝ።

አሰብኩ። ምንም የለም። ሜዳው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ይጠብቀኛል። «እሱ...» አልኩ፣ «ለጊዜው አይነገርም።»

በማግስቱ ወደ ንፋስ መውጫ ተላለፍኩ።

የሸኘኝ ደምሌ የሚባል ሚሊሻ ነው፤ ጠመንጃው ከእሱ ይረዝማል። ከከተማው መውጫ ላይ ልጆቹ ተሰልፈው ቆመዋል። አንዳቸውም አልሳቁም። ብርቄ «ጋሼ፣ ሰኞ ይመጣሉ?» አለችኝ። ደምሌ መሬት መሬት እያየ «እንጃ» አላት። 

ዳገቱን ስንያያዘው ደምሌ ከኋላዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «መምህር፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። ድብልብል ውስጥ የሚበላ የለም አሉ። ታዲያ ጅቡ ሱቅ ውስጥ ምን ይሸጣል?»

ለመጀመሪያ ጊዜ አሰብኩት። «እኔ እንጃ ደምሌ።»

«እኔን ከጠየቅኸኝ ሱቁ ባዶ ነው። ልክ እንደኛው የኅብረት ሱቅ። በር ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ነገ ተመለሱ ይላል።» ከዚያ ቆመ፤ ዳገቱን ወደ ላይ፣ መንገዱን ወደ ታች አየ። «ይሄን ግን እኔ አላልኩም» አለና ጠመንጃውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረ።

ንፋስ መውጫ ስሟን ያገኘችው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ የተዘጋብኝ ክፍል ውስጥ አረጋገጥኩ። ንፋሱ በበሩ ሥር ይገባል፣ ሰውን ሁሉ ይዳብሳል፣ መውጣቱን ግን አላየሁም። አብረውኝ የታሰሩት ሰዎች በምን እንደገባሁ ሲጠይቁኝ «በፍየል» አልኳቸው። ስርቆት መስሏቸው አዘኑልኝ። ጥግ ይዤ ስለ ብርቄ ጥያቄ ሳስብ ከረምኩ። ለአንዲት ጉረኛ እጅ ብዬ ክፍል ሙሉ ልጆች ያለ አስተማሪ መቅረታቸው አንገበገበኝ።

ከስንት ቀን በኋላ መርማሪው ፊት ቀረብኩ። ዩኒፎርሙ ላይ ጋቢ ደርቦ፣ ጋቢው ላይ ፎጣ ጠቅልሎ የተቀመጠ፣ አፍንጫው የቀላ ሰው ነው። የቆላ ተወላጅ መሆኑን በኋላ ነገረኝ። የጓድ ታረቀኝን ሪፖርት ፊቱ ዘርግቶ ፍየሏን በወረቀት ላይ ሳል አለኝ፤ ሳልኩ። ይህቺኛዋም ጭራ አልነበራትም፤ በዚህ ሰዓት ጭራ ብጨምር የማን ጭራ ነው መባሉ አይቀርም ብዬ ነው።

«እህ» አለ፣ «አስረዳ።»

አፌን ልከፍት ስል ያ ሁሉ ስብሰባ ታወሰኝ። ትርጉም የላትም ብል ደበቅህ እባላለሁ። አላት ብል ምንድን ነው እባላለሁ። ከዚህ ሁሉ መከራ አንድ ነገር ተምሬያለሁና እሱን ሞከርኩ።

«ጓድ፣ እርስዎ ምን ይመስልዎታል?»

ሊቆጣ ቃጣው፤ ከዚያ ወረቀቱን አንስቶ አየ። ፎጣውን ከአንገቱ ላላ አደረገው።

«ከጥግ ላይ ነው የሳልካት» አለ።

«አዎ፣ ከጥግ ላይ።»

«ሰፊ ቦታ እያለ ጥግ ላይ ወረወሯት። ብርድ ላይ። ቢጫ ሆናለች፤ ታማለች እኮ! ጭራ የላትም ማለት ምንድን ነው? ከኋላዋ ሰው የላትም ማለት ነው።» ድምፁ ተሰበረ። «ሌላው ትናንት መጥቶ፣ ከኋላው አጎት ስላለው ብቻ ተሹሞ ይሄዳል። እሷ ግን ትቀራለች። ሱቅ ስትሄድ ነገ ተመለሺ ይሏታል፤ ዝውውር ስትጠይቅ ነገ ተመለሺ።» ድንገት ቀና ብሎ አፈጠጠብኝ። «ስለ እኔ ማን ነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝም ጓድ። ግን እስካሁን የገባዎት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

ውሸት ነው፤ ግን እንደዚያ ያለ ደስታ በሰው ፊት ላይ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። ተፈታሁ። ስወጣ ከበሩ ላይ ጠራኝና፣ ዙሪያውን አይቶ፣ ዝግ ባለ ድምፅ «ጋቢ ብጤ ደርብላት» አለኝ።

አርብ ገበያ ስገባ በኩራት ነው የገባሁት። ኮሚቴው እኔ በሌለሁበት ሦስት ቦታ ተከፍሏል። መሪጌታ ሙተዋል እንዳሉ ናቸው፤ ጓድ ታረቀኝ አዲስ ትንተና ላይ ነው። እኔ ግን ቀጥታ ወደ ክፍሌ ሄድኩ። ልጆቹ ሲያዩኝ ብድግ አሉ፤ ግን አልጮኹም። ሰሌዳው ላይ የነበረው በሙሉ ጠፍቷል። ከተላጠው ክብ በቀር ከድብልብል የተረፈ ነገር የለም።

ብርቄ እጇን አጣምራ ወደ ፊት ወጣች። «ጋሼ፣ እርስዎ በሌሉ ጊዜ ኮሚቴ አቋቁመን ነበር። ሊቀመንበሯ እኔ ነኝ። ሰሌዳውንም ያጠፋነው እኛ ነን።»

ሳቄ መጣ። በሽታው ወደነሱም ተጋብቷል። «እሺ ጓድ ሊቀመንበር» አልኳት፣ «ፍየሏ ማን ናት ብላችሁ ወሰናችሁ?»

ምን ነካው በሚል ዓይን አየችኝ። «ፍየሏማ ፍየል ናት።»

«ታዲያ ምኑን ነው የወሰናችሁት?»

«ከእንግዲህ ምንም እንዳትሠራ። ሱቅም እንዳትሄድ፣ ደወልም እንዳትሰማ፣ ከማንም ጋር እንዳታወራ። ዝም ብላ ትቀመጥ። እሷ አንድ ነገር ካደረገች እርስዎን ይወስዱዎታል።»

ክፍሉን አየሁት። ሁሉም አንገታቸውን በአዎንታ ይነቀንቃሉ። የሚያስቅ ነገር ፈለግሁ፤ እኔ፣ በየሰበቡ ስቀልድ የኖርኩት ሰውዬ፣ አንድም አጣሁ። ቢጫውን ጠመኔ አነሳሁ። የተቀመጠች ፍየል መሳል ከቆመችው ይብሳል፤ የኋላ እግሮቿ የት እንደሚገቡ አላውቅም ነበር። እንደ ምንም አጥፌ አስቀመጥኳት። ልጆቹ ደብተራቸውን አውጥተው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ አስተካክለው ገለበጧት። «ከዚያስ?» ብሎ የጠየቀኝ አንድም ልጅ አልነበረም።